ከጸሐይ የተሸሸገው ወይን

የሺ ተመስገን የማትልበት ነገር የለም። ውሃ በፈረቃው ቀን ከመጣ ተመስገን ትላለች፤ ካልመጣም ከበርሜሉ የቀረውን በጣሳ እየጨለፈች «ይኼም አለ፣ ተመስገን» ትላለች። መብራት ሲጠፋ ዓይኔ ዐረፈ ብላ ታመሰግናለች። የቀጨኔ ሰው አፉ መች ይቦዝናል፤ «እትዬ ተመስገን» የሚል ስም ካወጣላት ቆይቷል። ስሙን ስትሰማ ትስቅና ለስሙም ታመሰግናለች።

ሥራዋ ነጠላ መቋጨት ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከሽመና ዕቃቸው ላይ ያወረዱትን ነጠላና ጋቢ ያመጡላታል። እሷ ደግሞ ከጫፉ የተንጠለጠለውን ድር በጣቷ እየከፈለች፣ እያከረረች፣ እየጠመዘዘች ትቋጨዋለች። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሞከረ ግን ሲለብሱት የሚፈታ ቋጭቶ ያፍራል፤ የሺ የቋጨችው ነጠላ ሲያልቅ እንኳ ጫፉ አይፈታም። ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው ግቢዋ ውስጥ ካለው የወይን ዳስ ሥር ነው፣ የዚህ ታሪክ ነገር ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ዳስ ነው።

ወይኑን የተከለው ባሏ አለማየሁ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የአንድ ኤምባሲ አትክልተኛ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በረጠበ ጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ እንጨት ይዞ ገባ፤ የሺ ማገዶ መስሏት ምድጃው አጠገብ ልታስቀምጠው ምንም አልቀራትም። በዚያ ሰሞን ልጃቸው ኢየሩ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የሺም እንጨቱ ሲተከል አጠገቡ ቆማ ለመድኃኔ ዓለም ተሳለች። ልጄን ብትምርልኝ፣ ይኼም እንጨት ቢጸድቅ፣ በየዓመቱ በክብርህ ቀን ከፍሬው ዘቢብ አድርጌ ለቅዳሴህ አመጣለሁ አለች። ሁለቱም ጸደቁ። ኢየሩ ዛሬ ሐዋሳ ባል አግብታ፣ ወልዳ ከብዳ ትኖራለች። ወይኑም ግቢውን ሞልቶ ዳስ ሆነ።

የቅዳሴው ወይን የሚጨመቀው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡም ንጹሕ መሆን አለበት። ሻጋታ የነካው፣ የተበላሸ ነገር ወደዚያ አይቀርብም። የሺ ብዙ አትሰጥም፤ የምታደርሰው አንዲት ትንሽ ሰፌድ ነው። ግን መጋቢት መድኃኔ ዓለም በመጣ ቁጥር ያቺ ሰፌድ ቀርታ አታውቅም፤ አለማየሁ በሞተበት ዓመት እንኳ አልቀረችም።

አለማየሁ በሕይወት ሳለ በየኅዳሩ መሰላል ያወጣና ቅጠሉን ይመነጥር ነበር። የሺ በዚህ አትስማማም። «ምነው፣ ልብሷን ገፈፍካት?» ትለዋለች። «ትሙቅ» ይላታል። ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም፣ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ መሰላሉ ከተጋደመበት አልተነሣም፤ የሺም ቅጠሉ እንደ ልቡ ሲደራረብ ስታይ ጥላው በረከተልኝ ብላ ተመስገን አለች።

ከአጥሩ ማዶ ጸሐይ አለች። የቀጨኔ መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ የጸሐይ ግቢ ዝቅ ያለ ነው። የማድ ቤቷ ቆርቆሮ ጣራ ከየሺ አጥር ጫፍ ጋር ይተካከላል። ጸሐይ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ ሚስጥር ስትነግርህ እንኳ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን አብረው አሳድገዋል፣ በአጥሩ ላይ ሽሮና ጨው ሲቀባበሉ ኖረዋል። ኢየሩ በታመመች ጊዜ ለየሺ ሆስፒታል ድረስ ምሳ ታመላልስ የነበረችው ጸሐይ ናት። የሺም ለዚያ ውለታ እግዚአብሔርን አመስግናለች። ጸሐይን ራሷን ማመስገኗን ግን እንጃ።

ኅዳር ላይ ነው። ጸሐይ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደሆነ ከግቢዋ ቀና ብላ ወይኑን አየች።

«የሺ፣ ዘንድሮ ወይንሽ ጉድ ሊያሳየን ነው» አለች በዚያ ድምፅዋ። «ዘለላውን አየሽው? ቅርንጫፉም የሚችለው አልመሰለኝ።»

ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ማለት ያለባትን ሳትል ቀረች። የሰው ልጅም ሆነ ጥጃ፣ ያማረ ነገር ያየ ሰው «ከዓይን ያውጣው» ይላል፤ እንደ ሰላምታ ያለ ነገር ነው። ጸሐይ ግን እሳት ላይ የጣደችው ሸክላ ነበራትና ቸኮለች።

ሳምንት ሳይሞላ የሺ ከዳሱ ውስጠኛ ክፍል፣ ቅጠል ከቅጠል በተደራረበበት በኩል፣ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነገር አየች። እፍ አለችው፤ አልሄደም። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። እንግዲህ በዚህ አገር ስለ ሸክላ ሠሪ ዓይን የሚወራ ነገር አለ። ቃሉን መጥራት ያስጠላል፤ ካልጠሩት ግን ነገሩ አይገባም። ቡዳ ይሏቸዋል። ስንቱን ሰው ከትዳርና ከጉርብትና ያስቀረ፣ ስንቱን ልጅ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ ያስመለሰ ቃል ነው። የሺ ይህን ቃል በአፏ አውጥታ አታውቅም። ጸሐይ ቡዳ ናት ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር ቋንጃውን በሰበረችው ነበር። ለራሷም ቢሆን አላለችውም። እጇ ብቻ ከአልጋው ሥር ገብቶ፣ ኢየሩ ስትዳር ለድንኳን የተገዛውን አረንጓዴ ሸራ ጎትቶ አወጣና በጸሐይ በኩል ባለው የዳሱ ጎን ላይ ሰቀለው።

ጸሐይ በማግስቱ ጠዋት ሸራውን አየች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለወፍ ነው» አለች የሺ።

«ለወፍ?»

«አዎ፣ ለወፍ።»

ወፍ ከላይ እንጂ ከጎን እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ጸሐይ ሸራውን ትንሽ አየችውና ወደ ሸክላዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ትልቅ ድምፅ በአጥሩ ላይ መሰማቱን ተወ።

በየሺ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሲና የምትባል ልጅ አለች። ተክል የተማረች፣ እንጦጦ ግርጌ ካለ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ፣ እሑድ እሑድ መዝሙር እያንጎራጎረች ወደ ቸርቿ የምትሄድ ጨዋ ልጅ ናት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ለመስክ ሥራ ወደ ዝዋይ ልትሄድ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ የሺ አስቆመቻትና ነጭ የለበሱትን ቅጠሎች አሳየቻት። ውጭ ሊወስዳት የመጣው መኪና ክላክስ ያደርጋል። ሲና ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋ አየችና፦

«እትዬ የሺ፣ ይኼማ የፀሐይ ጉዳይ ነው» አለች። «ስመለስ በደንብ እነግርዎታለሁ፣ እሺ?» ብላ ሮጠች።

በጽሑፍ ቢሆን በፊደሉ ይለይ ነበር። የጎረቤት ስምና የሰማይ ፀሐይ ግን በጆሮ አንድ ናቸው። የሺ ቀጥ ብላ ቀረች። እሷ በሆዷ እንኳ ልትለው የፈራችውን፣ የተማረች ልጅ፣ ያውም በእንዲህ ያለ ነገር የማታምን ጴንጤ፣ በጠራራ ጠዋት ነገረቻት። በዚያኑ ቀን ሁለት የአልጋ ልብስ አውጥታ የዳሱን አናት ሸፈነች፤ የጎኑንም ሸራ በድር ገመድ አጥብቃ አሰረች። ከወይኑ ጋር ተደብቃ ልትኖር ምንም አልቀራት።

ዱቄቱ ግን ከሽፋኑ ሥር ተስፋፋ። ከቅጠል ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ ወደ ፍሬው ሄደ። ገና ያልበሰሉት ፍሬዎች አመድ ለበሱ፣ እየተሰነጠቁም ይረግፉ ጀመር። ጥር ሲጋመስ የሺ ለመጋቢት አንዲት ሰፌድ ቀርቶ አንድ እፍኝ ንጹሕ ፍሬ እንደማታገኝ ገባት። ከገበያ የገዛችውን ዘቢብ ይዛ መሄድ ትችላለች፣ ቤተ ክርስቲያን አይቸገርም። ስለቷ ግን እንዲያ አልነበረም፤ ከዚህ ግንድ ብላ ነው የተሳለችው፣ ከልጇ ጋር አብሮ ከዳነው ግንድ። ኢየሩ ደውላ ጉንፋን ይዞኛል ስትላት የሺ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። በዚያ ሳምንት ውሃ በፈረቃው ቀን መጣ፤ የሺ ባልዲዋን ደቀነችና ዝም አለች። ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ ተመስገን ምን ሆነች?» ተባባለ።

ሲና በጥር መጨረሻ ፀሐይ አጥቁሯት ተመለሰች። በሩን ከፍታ ገብታ ግቢው መሐል ቆመች።

«እትዬ፣ ሰው ሞቷል እንዴ? ድንኳኑ ምንድን ነው?»

«አንቺው አይደለሽ የጸሐይ ጉዳይ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ፀሐይ አጥቶ ነው ማለቴ ነው እኮ።»

«የትኛዋን ጸሐይ?»

ሲና ነገሩ ግራ ገብቷት ጣቷን ወደ ሰማይ ቀሰረች። የሺ ጣቷን ተከትላ ቀና አለች። ያየችው ግን ሰማዩን ሳይሆን የአልጋ ልብሷን ነው። አፏን ይዛ ቀረች። ሲናም ብልህ ልጅ ናት፤ ወደ ጎኑ ሸራ፣ ከሸራው ማዶ ወዳለው ቤት አየችና የገባትን በሆዷ ያዘች። የአልጋ ልብሱን ታወርድ ጀመር።

«ተክል እግር የለውም፣ እትዬ» አለች እያወረደች። «እኛ ሲሞቀን ጥላ እንፈልጋለን፤ ቅጠል ግን ያለበት ነው። እና ፀሐይ ሲመታው ውስጡ መከላከያ ይሠራል፤ እ... ማለቴ አፍ የሚይዝ፣ መረር ያለ ነገር። ለፀሐዩ ብሎ የሠራው ነገር ሻጋታውንም ያስቸግረዋል። ሻጋታው ራሱ ደግሞ ፀሐይ አይወድም። ጥላና እፍግፍግ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚፈነጨው።»

«ድንኳን ጥዬ ደገስኩለት በይኛ።»

«እንደሱ ነው» አለች ሲና፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት። «የታመመው ቅጠል አይድንም፣ አልዋሽዎትም። ከተከፈተለት ግን አዲስ የሚወጣው ራሱን ይችላል።»

የጎኑን ሸራ ሲፈቱ ነው ነገሩ የታየው። ሸራው ጥጉ ላይ ተቀድዶ ነበር። በቀዳዳው አንድ ቅርንጫፍ ሾልኮ ወጥቷል፤ አጥሩን አልፎ በጸሐይ ማድ ቤት ጣራ ላይ ተዘርግቷል። የሺና ሲና በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፣ አንድም ነጭ ነጥብ የለበትም። ከሥሩ ዘለላዎቹ ፍሬያቸው እንደሞላ ተንጠልጥለዋል፣ ጠቆር ማለትም ጀምረዋል።

ሲና እጇን ዘርግታ አንድ ቅጠል ቀነጠሰች። ከዳሱ ሥር ደግሞ ገና ያልነጣ ሌላ ቅጠል ፈልጋ ሁለቱን ለየሺ ሰጠቻት። «እስኪ ይቅመሷቸው» አለች። የጥላው ቅጠል እንደ ሣር ያለ ነው፣ ጣዕም የለውም። የጣራው ግን እንዳልበሰለ ሙዝ አፏን ያዛት፣ ምላሷን አደረቀው። የሺ ፊቷን አጨማድዳ እያኘከች እንደገና ወደ ጣራው አየች። ቅርንጫፉ ቆርቆሮው ላይ አልተኛም። የጋለው ቆርቆሮ እንዳያቃጥለው ሰው በአጣና ደግፎ ከፍ አድርጎታል። ከአጣናው ጋር የታሰረበትም ገመድ ድር ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ፣ ተከርሮ፣ ተጠምዝዞ የተቋጨ ድር። እንዲያ አድርጎ መቋጨት ለጸሐይ ያስተማረቻት ራሷ የሺ ናት።

ይህን ሁሉ ጊዜ ያ ቅርንጫፍ በጸሐይ ዓይን ሥር ነበር። ስትወጣም ስትገባም፣ ጭቃ ስታቦካም ታየው ነበር። ከዓይኗ የተሸሸገው ሁሉ ታመመ፤ ዓይኗ ላይ ያደረው ብቻ ተረፈ። የሺ ከመደቡ ላይ ተቀመጠች። ያፈረችውን ያህል ልቧ በምስጋና ሞላ፤ ሁለቱ እንዲህ በአንድ ጊዜ መጥተውባት አያውቁም።

በመንገዱ ዞራ ቁልቁል ወረደች። ወደ ጸሐይ ቤት ባዶ እጇን ስትሄድ ይኼ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ጸሐይ ጭቃዋን ከፊቷ አድርጋ የድስት ከንፈር ታለሰልስ ነበር።

«ቅርንጫፍሽን ልትወስጂ መጣሽ?» አለች ቀና ሳትል። «ቆርቆሮው ያቃጥለዋል ብዬ ነው የደገፍኩት። ሌላ አልነካሁትም።»

«ሸራው ለወፍ አልነበረም፣ ጸሐይ።»

«አውቃለሁ።»

ድስቱን አንድ ዙር አዞረችው።

«እናቴ ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እያየሁ ነው ያደግሁት። ካንቺ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር፣ የሺ።»

የሺ ጎንበስ አለች። ይቅር በይኝ አለች፤ ደግማም አለች። ከዚያ ከጭቃው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እንደ ልጅ፣ ሳትሸፋፈን። ጸሐይ ድስቷን ወደ ጎን አደረገች። በኋላ እጇን በባልዲው ውሃ ታጠበችና፦

«ሾልኮ የመጣ ጊዜ ልመልሰው ነበር» አለች። «ኋላ ስለትሽ ትዝ አለኝ። የኢየሩ ነው ብዬ ተውኩት። እኔ ነኝ እኮ ያኔ ከሆስፒታሉ በር የማልጠፋው። ጠዋት ጠዋት ስወጣ መጀመሪያ ከዓይን ያውጣህ እለዋለሁ፣ ቱፍ ቱፍም እልበታለሁ፣ ከዚያ ነው የማየው። ያ ሁሉ የኔ ምራቅ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ስትሰጪ በደንብ አጥበሽ ስጪ።»

የሺ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ጸሐይም ሳቀች፣ በዚያ ሦስተኛው ቤት በሚሰማ ድምፅ። ሲና ከአጥሩ በላይ ሰምታ እሷም አብራ ሳቀች።

በማግስቱ መሰላሉ ከተጋደመበት ተነሣ። ሲና ከላይ ሆና ቅጠሉን ስትመነጥር የሺ ከሥር ትለቅማለች። ብርሃኑ በዳሱ መሐል ወርዶ ግንዱ ላይ ሲያርፍ አለማየሁ ትዝ አላት። «ትሙቅ» ነበር ያለው። አንዲት ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት ብላ ለመቆጣት ሞከረች፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም፣ ሆዷ ባባ እንጂ። ሸራው ወደ ጸሐይ ግቢ ወረደ። እርጥብ ሸክላ በፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃልና ጥላ ያስፈልገዋል። ጸሐይም እስከ ዛሬ ማሰሮዎቿን የምታደርቀው በዚያ ሥር ነው።

ዳሱ ዘንድሮ ፍሬ አልሰጠም። የካቲት ውስጥ ያወጣው አዲስ ቅጠል ግን ንጹሕ ነው፤ የሺ አንዳንዴ ትቀነጥስና ታኝከዋለች፣ አፏን ሲይዛት ደስ ይላታል። የጣራው ቅርንጫፍ ፍሬ በሰለ፣ ተለቀመ፣ ታጠበ፤ ጸሐይ እያየች ደግሞ ታጠበ። ከዚያም እዚያው ጣራ ላይ፣ ጸሐይ ለዚሁ ብላ በሠራችው ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ። ወፉን የምታባርረው ጸሐይ ነበረች።

መጋቢት መድኃኔ ዓለም ሲቃረብ ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ዳገቱን አብረው ወጡ። ቄሰ ገበዙ ሰፌዷን ተቀብለው ዘቢቡን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩ። ሽማግሌ ናቸው፣ የየሺን ዘቢብ ዓመት በመጣ ቁጥር የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው።

«የዘንድሮው ከሁሉም ይበልጣል፣ የሺ። ምን አደረግሽበት?»

«እኔማ ላጠፋው ነበር፣ አባ። ጸሐይ ናት ያዳነችልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እሷን ያመሰገንኩበት ቀን የለም።»

ቄሰ ገበዙ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። «እውነትሽን ነው» አሉ፤ «ዘንድሮስ በርትታለች።»

ጸሐይ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። የሺም አላረመቻቸውም። የጎረቤቷን እጅ፣ ጥፍሩ ሥር ጭቃ የማይጠፋውን፣ በነጠላዋ ሥር ፈልጋ ያዘችና፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ሰው ፊት እያየች «ተመስገን» አለች።